የእትዬ ዘነበች አግዳሚ ወንበር

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ የሰፈሩ ነፃ ጋዜጣ ደጄ ላይ ዝናብ መትቶት ተኝቶ አገኘሁትና፣ እንደ ልማዴ ሳላየው ልጥለው ሳነሣው ያ የእርጥብ ወረቀትና የቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታው፣ እጄም አየር ላይ ቀረ። ዛሬ ጋዜጣ የሚያሸት ሰው የለም፤ የሚያነበውም ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ልጅነቴን ያሳለፍኩት ምንጣፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ጣቶቼና ክርኖቼ በዚሁ ቀለም ጠቁረው፣ የቶሮንቶን የሐይቅ ዳርቻ ሰፈር ወሬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው። ስለዚህ ኮቴን ሳላወልቅ ገለጥኩት።

ፊት ገጹ ላይ ያለው ትልቁ ዜና የጣውላው መንገድ ነው። በሐይቁ ዳር ለዳር የተዘረጋው ያ አሮጌ የእንጨት መሄጃ ሊታደስ ነው፤ ውኃው አሸዋውን እየበላ ስላስቸገረ መንገዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አዳዲስ መብራቶች ይተከላሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች መውረጃ ይሠራል፣ መጸዳጃ ቤቱም ይታደሳል ይላል። ሁሉም ደግ ነው። ከታች ግን በትንሹ፣ የድሮዎቹ አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ ስለሚነሡ ስማቸው የተጻፈባቸው ሟቾች ቤተሰቦች እስከ ወሩ መጨረሻ ፎርም እንዲሞሉ፣ ሰሌዳው ወደ አዲሱ ወንበር ይዛወር ወይም ለቤተሰብ ይሰጥ እንደሆነ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፤ ባለቤት ያልቀረበለት ወደ መጋዘን ይገባል። ከጎኑ የአንድ አግዳሚ ፎቶግራፍ አለ፤ በነሐሱ ሰሌዳ ላይ ያለው ስም በደንብ ይነበባል። ዘነበች ይላል። ከስሙ ሥር ሁለት ዓመተ ምሕረት አለ፣ በመካከላቸው አጭር መስመር።

እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ከሟቿ ጋር በስልክ አውርቻለሁ። ጎመን ስታመጪ ቅጠሉ የጠና እንዳይሆን ብለውኛል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ምንም እንኳ እኔ ራሴ መጀመሪያው የቱ ጋ እንደሆነ በደንብ ባላውቀው። እኔና እናቴ የምንኖረው ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር፣ ከነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ወለል ላይ ነበር። እናቴ ሆቴል አልጋ ታነጥፍ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስቀምጠኝ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ካሉት ከጋሼ ተካልኝና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ዘንድ ነው። ልጅ አልወለዱም። ይህን ነገር ማንም አያነሣባቸውም፣ እነሱም አያነሡትም፤ ብቻ ቤታቸው ውስጥ ለእኔ የሚሆን ትንሽ ስኒ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ትንሽ ነጠላ ጫማ ነበር፣ እግሬ ሲያድግም ማንም ምንም ሳይናገር ነጠላ ጫማው አብሮ ያድግ ነበር።

ሁለቱም የአሰብ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ተካልኝ ወደቡ ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ዕቃ የሚቆጣጠሩ፣ የተሰበረውን ሣጥንና የተቀደደውን ጆንያ በደብተር የሚመዘግቡ ሰው ነበሩ፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። በጅቡቲ በኩል ወጥተው ቶሮንቶ በደረሱ ሰሞን አውቶቡስ ላይ ሆነው ማዶው የማይታይ ውኃ ሲያዩ፣ ጋሼ ተካልኝ ባሕር አገኘን ብለው በሚቀጥለው ፌርማታ ወርደው፣ አሸዋውን አቋርጠው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡና በመዳፋቸው ጨልፈው ቢቀምሱት ጨው የለውም። እትዬ ዘነበች ይህን ሲያወሩ በሳቅ ይፈርሱ ነበር፤ ሰውየው እንደተታለለ ሰው ፊታቸው ጠቁሮ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሰው ቀመሱት አሉ፣ ከዚያ እዚህ አገር ጨው መጨመር ረስተዋል ብለው ወጡ። እስኪሞቱ ድረስ ግን አንድ ቀን ሐይቅ ብለው አልጠሩትም፤ ባሕራችን ነው የሚሉት።

ባሕራችን ይበሉት እንጂ ባሕሩ የእኛ አልነበረም። እታች ውኃው ዳር የሚኖሩት በረንዳ ያለው ቤትና ውሻ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ጋዜጣውም የሚታደለው ለእነሱ እንጂ ሽቅብ ወደኛ ፎቆች አይወጣም። ጋሼ ተካልኝ ቅዳሜ ማለዳ በቪክቶሪያ ፓርክ አውቶቡስ ይወርዱና ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ካለው ሣጥን አንዱን በብብታቸው ይዘው መጥተው ምንጣፉ ላይ ይዘረጉልኛል፤ እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ ከዚያ በተሰባበረች አማርኛዬ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። ውሾች ያለ ማሰሪያ ይለቀቁ አይለቀቁ የሚል ክርክር ካለ ከውሾቹ ወገን ናቸው። ውኃው በዚህ ሳምንት ለዋና ንጹሕ መሆን አለመሆኑ ሲነበብ እንደ ወንጌል ቆመው ይሰማሉ። አይስክሬም ቤቱ ሊዘጋ ነው ሲባል ገብተንበት ለማናውቅ ሱቅ ሦስታችንም አዘንን፤ የአንድ ሰውዬ ታንኳ ተሰረቀ ሲባል ደግሞ ሌባው ማን ሊሆን እንደሚችል ስንመረምር ዋልን፣ እትዬ ዘነበች ከማዕድ ቤት ሆነው ከወንድሙ ጀምሩ ይሉን ነበር።

ጋዜጣው ተነቦ ሲያበቃ ሦስታችን እንወርዳለን። ጋሼ ተካልኝ የአሰቡን ልማድ አልተዉም፤ በኪሳቸው ትንሽ ደብተር አለች፣ የጣውላውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እየሄዱ የበሰበሰውን ሳንቃ፣ ብቅ ያለውን ሚስማር፣ የማይበራውን መብራት፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይመዘግባሉ። ቤት ስንመለስ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰውና ለጋዜጣው እንልካለን። አንድ ጊዜ ታትሞልናል፤ ስማቸውን አጣምመው፣ ደብዳቤውን በግማሽ ቆርጠው፣ ግን ታተመ፤ በሚቀጥለው ወር ወርደን ስናይ ያ ሚስማር ተመትቶ ገብቷል። ጋሼ ተካልኝ ተንበርክከው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወዲያ ፎቁ ላይ ያለው ሐበሻ ሁሉ ከንቲባው ይላቸው ጀመር፤ እናቴም የራሳቸው ሊፍት ተበላሽቶ የሰው ባሕር ይጠግናሉ እያለች ትስቅባቸው ነበር። እውነቷን ነው፤ ሊፍታችን በሳምንት ሦስት ቀን አይሠራም ነበር።

ደብተሯ ውስጥ ግን ከገጽ ገጽ የሚመላለስ አንድ ጉድለት አለ። መንገዱ በምሥራቅ በኩል የሚያልቅበት፣ ዛፎቹ ጥላ የሚጥሉበት፣ ውኃው በምንም ሳይጋረድ የሚታይበት ቦታ ነበር፤ እትዬ ዘነበች የሚወዱት እሱን ነው፣ አሰብን ይመስላል ይሉ ነበር፣ ዛፍ ያለው አሰብ። እዚያ መቀመጫ የለም። ጉልበታቸው ደግሞ ያን ጊዜ ይከዳቸው ጀምሯል፤ መጀመሪያ ተደግፈው ይደርሱ ነበር፣ ቆይቶ መንገዱ መካከል ቆመው እናንተ ሂዱ ማለት አመጡ፣ በመጨረሻም መውረዱን እርግፍ አድርገው ተዉት። ጋሼ ተካልኝ ሁለት ሰመር ሙሉ ለዚያች ቦታ አንድ አግዳሚ ወንበር ለመኑ። መልስ ይመጣል፤ ደብዳቤዎን አግኝተናል፣ እናመሰግናለን ይላል፤ አግዳሚ ግን የለም። ያለ እትዬ ስንወርድ ጋሼ ቶሎ መመለስ ይፈልጋሉ፣ ደብተሯም ሳትገለጥ ትመለሳለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ብሆንም የሰውየው ደስታ ከአንድ የእንጨት መቀመጫ ጋር እንደታሰረ ይገባኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጋዜጣው ላይ ማስታወቂያ አገኘሁ። የባሕር ዳሩ ሰፈር ማኅበር ጥቂት አግዳሚዎች ሊተክል ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል፤ ስለ ሰውየው ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ፎርም ሞልታችሁ ላኩ፣ እኛ እንመርጣለን ይላል። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ሙታን መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ይሆናል፣ ሳይናገርም ቀርቶ ይሆናል፣ ዛሬ ብምል ብገዘት አላስታውሰውም። የማስታውሰው ነገሩ ለእኛ ለሦስታችን አዲስ እንዳልነበረ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን መጋረጃ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ዳሩ ላይ ያሠራው ሰው ስም ከነቤተሰቡ በክር ተጠልፎበታል፣ ጃንጥላው ላይም አለ፣ የምንጣፉ ጠርዝ ላይም አለ፣ ከሥሩም የተሰጠበት ዓመት ይጻፋል፤ ስማቸው የተጠለፈውም ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመው ሲሳሳቁ ይታያሉ። የእትዬ ዘነበች ስም ራሱ የከበሮው ልብስ ላይ ነበር። ስም ዕቃ ላይ መጻፍ በረከት ነው ብለን ነው የምናውቀው።

ስለዚህ ፎርሙ ስም ሲጠይቀኝ አላሰብኩም፤ ወንበሩ የእትዬ ዘነበች ስለሆነ ዘነበች ብዬ ጻፍኩ። ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ዓመት የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። የመጀመሪያው የልደት መሆኑ ገብቶኝ ከመታወቂያቸው ገለበጥኩት። ሁለተኛው ግራ ቢገባኝ ጋሼ ተካልኝን ጠየቅኳቸው፤ ትንሽ አሰብ አደረጉና የተሰጠበት ዓመት ነዋ አሉኝ፤ የያዝነውን ዓመት ጻፍኩ። በደብዳቤውም እትዬ ዘነበች ባሕር ዳር እንደተወለዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውኃ ማየት ይወዱ እንደነበር፣ አሁን ግን መምጣት እንደማይችሉ፣ ባለቤታቸው ብቻቸውን ሲሄዱ ብዙ መቆየት እንደማይሆንላቸው፣ አግዳሚው ቢተከል ግን ሁለቱ እንደገና አብረው እንደሚሆኑ ጻፍኩ። አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

መረጡን። ደብዳቤውንም አንድ ፊደል ሳይቆርጡ ጋዜጣው ላይ አተሙት፤ ጋሼ ተካልኝ በፕላስቲክ ሸፍነው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያነበው ውኃ አይሰጠውም። አግዳሚው በተተከለ ሳምንት አንድ ባለ ታክሲ ጎረቤት እስከ ታች አደረሰን፣ እትዬ ዘነበች የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ስማቸው ላይ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው ተቀመጡ። ጋሼ ከጎናቸው ተቀመጡ። ያን ቀን የሁለቱን ፊት ያየ ሰው ባሕሩ ሙሉውን የተሰጣቸው ይመስለው ነበር።

ብዙም ሳንቆይ ፀጉሯ ነጭ የሆነ አንዲት ፈረንጅ ከቡናማ ውሻዋ ጋር መጣች። ሰሌዳውን አየች፣ ጋሼን አየች፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደብዳቤውን እንዳነበበች፣ ባለቤታቸው በጣም የተወደዱ ሰው መሆናቸውን እንደተረዳች ነገረቻቸው፤ እኔ ተረጎምኩ። ጋሼ ደስ ብሏቸው፣ ይችውልሽ ብለው እትዬ ዘነበችን አሳዩዋት። እትዬ ዘነበች ተነሥተው ሊስሟት ተንጠራሩ። ሴትዮዋ አንዴ ሰሌዳውን አንዴ እሳቸውን እያየች ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ውሻዋን ጎተተች፣ ዘወር ብላም ሳታየን ሄደች። ፈረንጅ ዓይን አፋር ነው አሉ እትዬ ዘነበች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በወረድን ቁጥር አግዳሚው ላይ አበባ እናገኛለን። አንዳንዴ አንዲት ዘንግ ናት፣ አንዳንዴ በሪባን የታሰረ እቅፍ ነው። እትዬ ዘነበች የዚህን ሰፈር ሰው እየመረቁ አበባውን ወደ ቤት ይወስዱትና የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ይተክሉታል፤ ቤታቸው ያን ሰመር የሙሽራ ቤት መሰለ። እናቴ አንድ ቀን አበባውን ዓይታ ማን ነው ያመጣው ብላ ስትጠይቅ፣ አድናቂዎቼ ናቸው አሏት።

ያወቅኩት ነሐሴ ላይ ነው። ጋሼ እትዬን ይዘው መጸዳጃ ቤት ሄደው ስጠብቃቸው፣ እንዲያው ሥራ ስፈታ፣ የሌሎቹን አግዳሚዎች ሰሌዳ እያነበብኩ መንገዱን ተከትዬ ሄድኩ። አንደኛው ላይ የሁለት ዓመት ሕፃን ስም አለ። የሚቀጥለው ላይ ባሕሩን ይወድ ለነበረ አባት ይላል። ስድስተኛው ወይ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ሁለተኛው ዓመት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ተመልሼ ስሮጥ እትዬ ዘነበች በእጃቸው አበባ ይዘው መቃብራቸው ላይ ተቀምጠው ብስኩት ይበላሉ። በቁማቸው ገድያቸዋለሁ። ደግሞ በገዛ እጄ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፌ።

ለማን ልናገር? ለእናቴ ብነግራት ሟርተኛ ብላ ትገርፈኛለች። ለእነሱ ብነግራቸው አግዳሚው ይነሣል፤ አግዳሚው ከተነሣ ደግሞ ጋሼ ተካልኝ እንደገና ያ ቶሎ እንሂድ የሚሉት ሰው ይሆናሉ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ግን እትዬ ዘነበች ባስነጠሱ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል፤ ሰሌዳው በያዝነው ዓመት ይሞታሉ ይላላ። ዓመቱ ቶሎ እንዲያልቅ እጸልይ ጀመር። መስከረም ጠባ፣ አበባየሆሽ ተባለ፣ ዓመቱ ተለወጠ ብዬ እፎይ ልል ስል ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት የፈረንጅ ዓመት መሆኑ ትዝ አለኝና እንደገና ፍርሃቴ መጣ፤ ለአራት ወር ያህል ገና አልዳኑም ማለት ነው። የትኛው አቆጣጠር ነው ሰው የሚገድለው የሚለው ነገር ለአንድ ልጅ ምን ያህል ግራ እንደሚያጋባ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አለቅስ ነበር። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በነጋ ጊዜ ፒጃማዬን እንደለበስኩ በኮሪደሩ ሮጬ በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ ዘነበች ከፈቱልኝ፤ ምንም አልጠየቁኝም፤ እጄን ይዘው አስገብተው ዳቦ በማር ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው በሩጫ አለፈ። አደግኩ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፣ እናቴን ቀበርኩ፣ ከፎቁ ወርጄ ጋዜጣው የሚታደልበት ሰፈር ተከራየሁ። አበባው መምጣቱን መቼ እንዳቆመ አላውቅም። ሁለቱ ግን ሰመር በገባ ቁጥር እየወረዱ ይቀመጡ ነበር፤ እኔ ብዙ ጊዜ ሥራ አለኝ፣ ቢዚ ነኝ እል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ሰሌዳውን ማየት ስለማልፈልግ ነው። ጋሼ ተካልኝ ከስድስት ዓመት በፊት በብርዱ ጊዜ አረፉ። ደብተሮቻቸውን በሁለት ካርቶን አሽጌ ምድር ቤት አስቀመጥኳቸው፣ እትዬም ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ወዳለው የአረጋውያን ሕንፃ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር አልወረዱም። አንዴም ውሰጂኝ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ጋዜጣውን ይዤ ተቀመጥኩና ግራ ገባኝ። ማመልከቻ ካላቀረብኩ ሰሌዳው መጋዘን ይገባል፣ ጥፋቴም አብሮ ይቀበራል፤ እሱ ጥሩ ነበር። ግን ደግሞ ያ ወንበር የጋሼ ተካልኝ የሁለት ዓመት ልመና ነው። በማግሥቱ የተሰጠውን ቁጥር ኮል አደረግኩ። አንዲት ትሑት ልጅ አነሣችና ስለ ደረሰብኝ ኀዘን አጽናንታኝ ለሟቿ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ጎረቤት ልል አልኩ፣ ልጃቸው ልል አልኩ፤ ሁለቱም አልወጣ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁት። ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ አሁንም እንደ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ መደበቄ አናደደኝ። ቅዳሜ ጎመኑን ይዤ ሄድኩና፣ እትዬ ይልበሱ፣ ባሕር ልወስድዎት ነው አልኳቸው።

ከመኪና አውርጃቸው በመደገፊያቸው ቀስ እያሉ ሲሄዱ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ምኑም እኔ የማውቀው አይደለም። አግዳሚው አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ቡናማ ነው። ዛፎቹ ብዙ ነበሩ፣ አንድ ብቻ አለ። ውኃው ሩቅ ነበር፣ አሁን ጥቂት እርምጃ ነው የቀረው፣ አሸዋውን በልቶ ጨርሶታል። እትዬን ብጠይቃቸው ድሮም ቡናማ ነው፣ ዛፉም አንድ ነው አሉኝ፤ ወንበሩ ብቻ ከውኃው ሸሽቶ ሁለቴ ወደ ኋላ ተነሥቷል። እና የማስታውሰው የቱን ነው? የስንቱን ነገር ቀለም ነው በራሴ የቀባሁት? እሳቸው ግን ምንም አልተደናገሩም፤ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው ተቀመጡና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ውኃውን እያየሁ፣ ፎርሙን፣ ሁለተኛውን ዓመት፣ አበባውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እትዬ ዘነበች መደገፊያቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ታዲያ እኛ ያላወቅን መስሎሽ ኖሯል?» አሉኝ።

ለካስ ጋሼ ተካልኝ ያወቁት ያኔውኑ ነው። የሴትዮዋ ሽሽት አላምር ብሏቸው በማግሥቱ ብቻቸውን ወርደው፣ መዝገበ ቃላታቸውን ይዘው፣ ሰሌዳዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያነቡ ውለው መጡ። ይነሣልን ብለው ደብዳቤ ሊያስጽፉ ነበር፤ የሚጽፍላቸው ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኔ ካልሆንኩ ማንም የለም። እትዬ ዘነበች ከለከሏቸው። ልጅቷ ትደነግጣለች፣ ሁለተኛ እስክሪብቶ አትይዝልህም፣ ተዋት አሏቸው። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ቀልድ ሆነ፤ ፈረንጅ ዓመቱን በለወጠ ቁጥር ጋሼ ከሞትሽ ስንት ዓመትሽ ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ቆጥረው ይነግሯቸዋል፣ ይሳሳቃሉ።

«ያን ጠዋት በፒጃማ ስትመጪ ለምን እንደመጣሽ የጠፋን መሰለሽ? በሩን ቆመን ስንጠብቅሽ ነበር። ተካልኝ እግርሽን ሰምቶ መጣች ሲለኝ ነው የከፈትኩት።»

ልሳቅ ላልቅስ፣ ልቆጣ ላመስግን፣ እኔ እንጃ። የተሸከምኩትን ሁሉ በከንቱ ነው የተሸከምኩት ብዬ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለት ሰዎች እኔ እንዳላፍር ብለው መቃብር ላይ ተቀምጠው ብስኩት ሲበሉ ታዩኝ። ለምን አልነገራችሁኝም አልኳቸው፣ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጥኖ። እትዬ ዘነበች አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉልኝ፣ ተቀመጥኩ።

«በእኛ አገር ልጅ የሌለው ሰው ተዝካሩን በቁሙ ነው የሚያወጣው፤ ሲሞት የሚያወጣለት የለማ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው እያልኩ ነበር። ልጅ ያለው ግን ልጁ ያወጣለታል። አንቺ ጻፍሽልኝ። ታዲያ ምን ብዬ ልቆጣሽ?»

ሁለታችን ጨው የሌለውን ባሕር ስናይ ቆየን። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር መጥቶ ሰሌዳውን ሊያነብ አንገቱን አሰገገና እኛን አይቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ ፎርሙን ከፈትኩትና ሰሌዳው አዲሱ ወንበር ላይ ይሁን ወይስ ቤት እንውሰደው አልኳቸው። ሌላስ ምን ይጠይቃል አሉኝ። በሰሌዳው ላይ ስሕተት ካለ ይገለጽ፣ ይታረማል ይላል አልኳቸው። ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ከውኃው ላይ ዓይናቸውን አንሥተው አዩኝ።

«ስሕተት አለው በይ» አሉኝ። «ሴትዮዋ አይደለችም፣ የሞተው እሱ ነው በይ።»

የጋሼ ተካልኝን ስም ጋዜጣው ያኔ እንዳጣመመው እንዳይጣመም ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ሁለተኛውን ዓመት ማንንም ሳልጠይቅ ሞላሁት። የመጀመሪያው ላይ ስደርስ እትዬን ጠየቅኳቸው፤ አላውቀውም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መታወቂያው ላይ ያለው ጋሼ ጅቡቲ ላይ ለመዝጋቢው አፋቸው ላይ እንደመጣላቸው የሰጡት ነው፤ እናታቸው አንበጣ የገባ ዓመት ነው የወለድኩህ ይሏቸው ነበር፤ ከዚያ ሌላ እትዬ የሚያውቁት የለም። የሁሉን ሰው ፎርም ስሞላ ያደግኩ ሴት፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ አጠገባቸው ተኝቼ የሰው ታንኳ ሌባ ስፈልግ፣ ጋሼ መቼ ተወለዱ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ባዶውን ትቼ ልልከው ብል ስልኩ በቀይ መስመር ከብቦ መለሰልኝ። የሚያውቀው ሰው ይኖር እንደሆነ እትዬን እንደገና ጠየቅኳቸው።

«የሚያውቀውማ እሱ ነበር» አሉ።